ፊሽካ የሠራችው ከተማ

እናቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሹፌሩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ የበር ጠባቂውም "ፊሽካ" ነበር የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከተማው አውቶብስ ድርጅት የስምሪት ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች። ሥራዋ ዋናው ተርሚናል ላይ ቆማ የትኛው አውቶብስ መቼ እንደሚነሳ መወሰን ነው። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት የብረት ፊሽካ ነበረቻት። አንዴ ከነፋች አውቶብሱ ይነሳል፤ ሁለቴ ከነፋች ይቆያል፤ ሦስቴ ከነፋች ግን ሹፌሩ ያጠፋው ጥፋት አለና ወዮለት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ስትቆጣ ከንፈሯን ሞጥሞጥ ታደርጋለች፣ እኔም ፊሽካው ሳይነፋ ቀጥ እላለሁ።

እልኸኛ ናት። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ ራሷም ትለዋለች። የአሥራ አራት ቁጥር ነገር ለዚህ ይበቃል። አሥራ አራት ቁጥር ከተርሚናሉ ተነስቶ፣ በገበያው በኩል አልፎ፣ ከሆስፒታሉ ዳገት ሥር ያቆማል። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ሃያ ደቂቃ ሽቅብ ነው። ለጤነኛ ሰው ማለቴ ነው፤ ለታማሚ እንጃ። እናቴ በየዓመቱ "መስመሩ እስከ ሆስፒታሉ በር ይቀጥል" የሚል ደብዳቤ ትጽፋለች። የስምሪት ኃላፊውም በየዓመቱ አይሆንም ይላል። ለመስመሩ የተመደቡት አውቶብሶች ስምንት ናቸው፤ መንገዱ ከረዘመ ገበያው ላይ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል ባይ ነው። እናቴ "ግንቡ" የሚል ስም አወጣችለት። እሱም ስሙን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እንዲህ ሲባባሉ አሥራ አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። አሥራ ሁለተኛው ሳይጻፍ እናቴ ታመመች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ተርሚናሉ ጢም ብሏል። ፊሽካዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትነፋ አየሩ በአንድ በኩል ሾልኮ ወጣ፤ ድምፅ የለም። ሹፌሮቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አጭሩ ሹፌር ብቻ፣ ሃያ ዓመት አሥራ አራት ቁጥርን የነዳው፣ የአፏን መጣመም አይቶ ከመሪው ዘሎ ወረደ። ደግፎ አስገባትና ከነተሳፋሪው፣ ፌርማታውን ሁሉ እየዘለለ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሳት።

"አሥራ አራት ቁጥር ሆስፒታል የደረሰው መጀመሪያ እኔን ይዞ ነው" ትላለች ዛሬ ስትቀልድ። ያን ቀን የሚቀልድ አልነበረም።

ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሷ ተረፈች። አፏም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቃና። ቀኝ እግሯ ቆይቶ በከዘራ መራመድ ጀመረ። እምቢ ያለው ቀኝ እጇ ነው። ሶፋው ላይ አጠገቧ አስቀምጣ "የሰው ዕቃ ይመስለኛል" ትል ነበር።

በሳምንት ሦስት ቀን ቤታችን የምትመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ።

"እማማ፣ እንዴት ዋሉ?" አለቻት የመጀመሪያ ቀን።

"እማማ? ስንት ዓመቴ መስሎሽ ነው?"

"ይቅርታ… እትዬ?"

"ተሻለ።"

ኳስ መጭመቅ፣ ሳንቲም ማንሳት፣ ቁልፍ መቆለፍ፤ ሁሉንም ሞከሩ። አንድ ቀን ባለሙያዋ ላፕቶፔን አስከፈተችኝና አንድ ጨዋታ ጫነችበት። ከላይ ብርቱካን ይወርዳል፣ እናቴ በማውዝ ቅርጫቱን እያንቀሳቀሰች ትቀልባለች። ጊዜው ስድሳ ሰከንድ ነው። ሃያ ብርቱካን ያልሞላለት ሰው ጥሩምባ ይነፋበትና ስክሪኑ ላይ በቀይ "ተሸንፈዋል! እንደገና ይሞክሩ" የሚል ይመጣል።

እናቴ የመጀመሪያ ቀን አራት ቀለበች። በሳምንቱ ሰባት።

"ማነው ያሸነፈኝ?" አለች።

"ማንም አላሸነፈዎትም እትዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ።"

"ተሸንፈዋል ይለኛል። ብርቱካን ነው ያሸነፈኝ?"

ባለሙያዋ ትዕግሥቷ ብዙ ነው። "ነጥብዎ በሦስት ጨምሯል። እኔ የማየው እሱን ነው። የጨዋታ ጥሩነቱ የት እንደደረሱ መንገሩ ነው።"

"የት እንደደረስኩማ አውቃለሁ። ሶፋው ጋ ነኝ።"

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማውዙን በግራ እጇ አነሳችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ውሰጂልኝ" አለች። "የሚጮህብኝ ነገር ፊት አልሠራም። ስጮህ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። በማግስቱ መድኃኒት እየደረደርን ለባልደረባዬ ነገሩን ሳጫውታት ሳቀችና "ጨዋታ ካልወደደች መጫወቻ ስጫት" አለችኝ።

"ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?"

"ጨዋታ ማለፍና መውደቅ አለው። አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። መጫወቻ ግን ትሠሪበታለሽ፣ ታፈርሽበታለሽ፣ በቃ። ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ከተማ የሚሠራበት አለው። ሚስቱ እስክትቆጣ ድረስ ከዚያ አይነሳም፤ አንድ ቀን እንኳ አሸነፍኩ ሲል ሰምቼው አላውቅም።"

ያንን መጫወቻ ተቀብዬ አመጣሁላት። ሲከፈት ባዶ መሬት ነው፤ ወንዝና ጥቂት ኮረብታ። መንገድ ትዘረጊያለሽ፣ ቤት፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት ትተክያለሽ። ጉንዳን የሚያካክሉ ሰዎች መጥተው ይኖሩበታል። አውቶብስ ከሰጠሻቸው ፌርማታ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሲጠብቁ ቢጫ ይሆናሉ፣ በጣም ሲቆዩ ደግሞ ይቀላሉ። ጥሩምባ የለም። ነጥብም የለም።

እውነቱን ለመናገር እናቴ እሱንም አልወደደችውም።

"አሁን ምን ላድርግ?" አለችኝ።

"የፈለግሽውን።"

"የፈለግሽውን ማለት ምንም ማለት ነው። ያኛው ቢያንስ ብርቱካን ቅለቢ ይለኝ ነበር።"

አሥር ቀን ያህል እንዲሁ ስትነካካው ቆየች። አንድ ቀን ቤቶቹን ሁሉ በአንድ መንገድ ዳር ደርድራ አየቻቸውና አፈረሰቻቸው። ሌላ ቀን ወንዙ ላይ ሰባት ድልድይ ሠርታ ሰለቻት። መጫወቻው ዝም ብሎ ያያታል፤ እሷም ዝም ብላ ታየዋለች። ላነሳባት ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ ጠራችኝ። ኮረብታ ሥር ገበያ ተክላ፣ ከጎኑ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ላይ አውጥታለች።

"ይሄ የኛን ዳገት አይመስልም?"

"ይመስላል።"

"እንግዲያው ሆስፒታሉን እዚህ አድርጊልኝ። ቆይ፣ አይሆንም፣ እኔ አደርገዋለሁ።" ከንፈሯን አሞጠሞጠች። "አሥራ አራት ቁጥርን ሆስፒታል ድረስ ወስጄ ግንቡን አሳየዋለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ስምሪት ክፍል ሆነ። ለራሷ ሕግ አወጣች፦ መንገድ በግራ እጅ መዘርጋት ይቻላል፣ ፌርማታ ግን በቀኝ እጅ ብቻ ነው የሚተከለው። አርባ ሦስት ፌርማታ ነበር መትከል ያለባት። ማውዙን ለመግፋት ትከሻዋ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቷ ሲታዘዝላት ደግሞ ቦታው ያመልጣታል፤ ፌርማታው ወንዝ ውስጥ ይገባል። "እኔ ልያዝልሽ" ስላት "እጅሽን ሰብስቢ" ትለኛለች። ጥርሷን ነክሳ፣ ግንባሯ በላብ ርሶ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ፌርማታ ትተክላለች።

የየፌርማታውን የሰው ብዛት በቃሏ ታውቀዋለች። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገበያው ጋ ስንት ሰው እንደሚቆም፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስንት እንደሚቀንስ፣ አንድ በአንድ። የማታውቀውን እሑድ እሑድ ሊጠይቃት የሚመጣው አጭሩ ሹፌር ይነግራታል።

"እትዬ ፊሽካ፣ ከተማሽ ውሸት ነው" አላት አንድ ቀን ስክሪኑን አፍጥጦ እያየ።

"ምኑ?"

"እዚህ መታጠፊያ ላይ የቆመው የጭነት መኪና የታለ? አሥር ዓመት ሙሉ እሱን እየተሳደብኩ ነው ያለፍኩት።"

የጭነት መኪና አቆመችለት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ ይህን ስታይ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። "ነጥብ ከሌለው የእጅዎን መሻሻል በምን አውቃለሁ?" አለች።

"ባለፈው ወር አንድ ፌርማታ ተክዬ እስክጨርስ ሻይዬ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ሦስት ተክዬ ሻይዬ ትኩስ ነው። ይኸውና ቅመሺው።"

ባለሙያዋ እየሳቀች ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ስትወጣ በር ላይ ግን "ብርቱካኑንም አይተዉት" አለቻት። "ለፍጥነት እሱን የሚያህል የለም።" እናቴ እኔ ቤት በሌለሁበት ሰዓት በቀን አንድ አንድ ጊዜ እንደምትቀልብ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ከተማው ለሙከራ ደረሰ። መስመሩን በቀኝ እጇ ጎትታ ዳገቱን አወጣችውና ሆስፒታሉ በር ላይ አቆመችው። ስምንቱን አውቶብስ ለቀቀች። ትንንሾቹ ሰዎች ሆስፒታሉ በር ላይ ሲወርዱ ስታይ "አየሽልኝ? አየሽ?" እያለች ጉልበቴን መታችኝ።

ቀጥሎ ገበያው ላይ ያሉት ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ቀሉ። ሰልፉ ፌርማታውን አልፎ መንገድ ዘጋ። አውቶብሶቹ ዳገቱ ላይ እየዘገዩ ሦስት አራት ሆነው ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያ ለብዙ ጊዜ አንድም ብቅ አይልም።

"ውሸታም ነው" አለችና ላፕቶፑን ከደነችው።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከፍታው አገኘኋት። መነሻ ሰዓት ቀየረች። ፌርማታ ቀነሰች። ሁለት አውቶብስ ጨምራ አየችና "ከየት አምጥተሽ ነው?" ብላ ራሷን ተቆጥታ መልሳ አወጣቻቸው። አራት ቀን እንዲህ ሆነች። በአራተኛው ቀን ማውዙን ለቀቀችው።

"ግንቡ ልክ ነበር" አለች።

ከእናቴ አፍ ይወጣል ብዬ የማልጠብቀው ሦስት ቃል ይህ ነበር። ደነገጥኩ። "እማዬ፣ መጫወቻ እኮ ነው" አልኳት።

"መጫወቻ በመሆኑ ነው። ያ ብርቱካን ቢሆን ጥሩምባውን ነፍቶ ያባርረኝ ነበር፤ እኔም ተናድጄ እዘጋውና በዚያው ያበቃል። ይሄ ምንም አላለኝም። አሳየኝ እንጂ። ያየሁት እኔው ነኝ፤ በማን ልናደድ?" ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና "አሥራ አንድ ዓመት እኔና ግንቡ ማን ያሸንፋል ስንባባል ኖርን። እሱ እምቢ ባለ ቁጥር እኔ ደብዳቤ እጨምራለሁ። ዳገቱን የሚወጣው ታማሚ በመሃል ተረሳ" አለች።

ትተወዋለች ብዬ ነበር። እንኳን ልትተው፣ ያኔ ነው የባሰባት። ከሁለት ቀን በኋላ ከስምንቱ አውቶብስ አንዱን ከመስመሩ ነጥላ አወጣችው። ሰባቱ እንደ ድሮው ዳገቱ ሥር ያቆማሉ፤ አንዷ ግን ከዳገቱ ሥር እስከ ሆስፒታሉ በር ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ለቀቀችው። ገበያው ላይ ያሉት ቢጫ ሆኑ፤ አልቀሉም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው መውረድ ጀመረ።

እኔ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን "ገና ነው፤ ላፈርሰው ሞክሬ ካላቃተኝ አላምነውም" አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልታፈርሰው ሞከረች። ዝናብ አዘነበችበት። አንድ አውቶብስ አበላሸችበት። የሰኞ ገበያን ሰው እጥፍ አደረገችበት። ሲያቅተው መነሻ ሰዓቱን ታስተካክላለች፤ ሲችል ሌላ መከራ ትፈልግለታለች።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤት እንድወስዳት አዘዘችኝ።

የግንቡ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም። ጠባቂው "እትዬ ፊሽካ፣ እሱ ይውረድልሽ፣ ልጥራው" ቢላት "እኔ ነኝ ጉዳይ ያለኝ" አለችና ከዘራዋን ለእኔ ሰጥታ የደረጃውን ብረት በቀኝ እጇ ያዘች። በቀኝ እጇ! ሃምሳ አራት ደረጃ ነው። በየአሥሩ እየቆመች ወጣችው።

ግንቡ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጠረጴዛው በወረቀት የተሞላ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። እንዲያ የተወራለትን ያህል ግንብ አልመሰለኝም።

"ፊሽካ! እንዴት ወጣሽው?"

"በእግሬ። ስማ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከዚያ ሌላ ነገር እነግርሃለሁ። መስመሩን ስለማስቀጠል አንተ ልክ ነበርክ።"

ሰውየው ቁጭ አለ። እኔን አየኝ። የእናቴ አእምሮ ደህና መሆኑን የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር።

ላፕቶፑን ከፍታ ሁሉንም አሳየችው። መጀመሪያ የራሷን ስህተት፣ ሰልፉ እንዴት እንደሚቀላ፤ ከዚያ ነጠላዋን አውቶብስ። ግንቡ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ።

"ስንት ነጥብ አገኘሽ?" አለ።

"ነጥብ የለውም።"

"ታዲያ መሳካቱን በምን አወቅሽ?"

"ጠይቀው። ያልሞከርኩት ነገር ካለ አንተ ሞክርበት።" ማውዙን ገፋችለት።

ግንቡ ትንሽ አመነታና ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ዘጋው። ገበያው ቀላ። እናቴ የመነሻ ሰዓቱን ልዩነት በአምስት ደቂቃ አሳጠረች፤ ቢጫ ሆነ። ድልድዩን ዘጋ። እሷም ሌላ መላ አመጣች። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። እኔ ወረቀቱ መሃል ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ "ከተማ ኮምፒውተር አይደለም፣ ፊሽካ" አላት።

"እሱንማ ከኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም። አንዷን አውቶብስ ለአንድ ወር ስጠኝ።"

"አንድ ወር።"

የመጀመሪያው ቀን ነጠላዋ አውቶብስ ባዶዋን ወጣች፣ ባዶዋን ወረደች። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ግንቡ ደውሎ "አልሆነም፣ አይደል?" አላት። "ገና ነው" አለችና ዘጋችው። በርጩማ አስይዛኝ ዳገቱ ሥር ያለው ፌርማታ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ስድስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት።

ምክንያቱን በዓይኗ አየችው። ከአሥራ አራት ቁጥር የወረደ ሰው ነጠላዋ ወደምትቆምበት ለመድረስ መንገድ ተሻግሮ ሰባ እርምጃ ያህል መሄድ አለበት። አንድ ሰው ወንድሙን በትከሻው ደግፎ ወረደ፣ ወደ ማዶ አየ፣ ቢሻገሩ መቼ እንደምትነሳ አያውቅም፤ ቀጥታ ዳገቱን ተያያዘው።

"የኔዎቹ ትንንሽ ሰዎች አይደክማቸውም" አለችኝ። "አውርደሽ ሌላ ላይ ተሳፈሩ ብትያቸው ይሳፈራሉ። ዘመድ ደግፎ የሚሄድ የለባቸውም። ይህን መጫወቻው አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም።"

ነጠላዋ በር ለበር እንድትቆም አደረገች። አጭሩ ሹፌርና ጓደኞቹ ታማሚው እስኪሻገር እንዲጠብቁ፣ ትኬት ቆራጮቹም ደግፈው እንዲያሳፍሩ ለመነች። ልመናው ከትእዛዝ ብዙም አይለይም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ነጠላዋ ሞልታ መውጣት ጀመረች። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግንቡ ራሱ መጣ። ሳያናግረን ተሳፍሮ ወጣ፣ ተሳፍሮ ወረደ። ከዚያ ከእናቴ በርጩማ አጠገብ ቆሞ "ይቀጥል" አለ።

ነጠላዋ እስከ ዛሬ ትመላለሳለች። ገበያው ላይ የሚጠብቁ ሰዎች ሁለት ደቂቃ ተጨመረብን ብለው ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። እናቴ እሱንም እያሰበችበት ነው።

ቀኝ እጇ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ማንኪያ ትይዛለች፣ ቁልፍ ትቆልፋለች፣ መጻፍ ግን ያስቸግራታል። ተርሚናሉ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆምም አልቻለችም። መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ሰጥቷት በግማሽ ቀን አዳዲስ ተቆጣጣሪዎችን ታሠለጥናለች። ሁለት ኮምፒውተር አላት፣ ሁለቱም ላይ ያ ባዶ መሬት ተጭኗል።

ባለፈው ሳምንት ልወስዳት ስሄድ አንዲት አዲስ ሠልጣኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። ዝግጁ መሆኗ ያስታውቃል፤ ደብተር ዘርግታ እስክሪብቶ ይዛለች።

"እትዬ፣ ስንት ካመጣሁ ነው የማልፈው?" አለቻት።

"መጀመሪያ ምን ማወቅ እንደምትፈልጊ ንገሪኝ" አለች እናቴ።

ልጅቷ ግራ ገባት። ደብተሯን አየች፣ እናቴን አየች፣ ባዶውን መሬት አየች። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

"የኛ ሰፈር አውቶብስ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚዘገይ" አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

እናቴ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። "በይ እንግዲህ" አለቻት፣ "ሰፈርሽን ሥሪው።"